ያልተነፋው ፊሽካ

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ የ2019ኙ የቨርጂኒያና የኦበርን ጨዋታ በተነሳ ቁጥር ሰው የሚለው አንድ ነው፤ ዳኛው በመጨረሻዋ ሰከንድ ገብቶ ጨዋታውን ራሱ ወሰነው ይባላል። እኔም የማስበው ከዚህ አይርቅም። ጨዋታው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 6 ቀን ሚኒያፖሊስ ላይ ከ72 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት የተደረገ የአሜሪካ ኮሌጆች ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ግማሽ ፍጻሜ ነው። ኦበርን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ደረጃ ደርሷል። አምስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር በ10 ነጥብ ይበልጠው የነበረውን ቨርጂኒያን፣ 14 ተከታታይ ነጥብ አስቆጥሮ ቀደመው። 1.5 ሰከንድ ሲቀር ውጤቱ ለኦበርን 62 ለ 60 ነው። ካይል ጋይ ከመስመር ውጪ የተወረወረችለትን ኳስ ጥግ ላይ ተቀበለ፣ ዘሎ ወረወረ፣ ሳተ። ኦበርኖች መጨፈር ጀመሩ። ያኔ ነው ፊሽካው የተነፋው፤ ሳሚር ዳውቲ ወርዋሪው ላይ ፋውል ሠርቷል ተባለ። 0.6 ሰከንድ ሲቀር ጋይ ሦስት ነጻ ውርወራ አገኘ፣ ሦስቱንም አስገባ፤ 63 ለ 62 አለቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ቨርጂኒያ ቴክሳስ ቴክን በጭማሪ ሰዓት 85 ለ 77 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ያ ፊሽካ ባይነፋ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። አንድ ዳኛ ከዚህ በላይ ጨዋታ ሊወስን ይችላል?

አጎት፦ የዘረዘርሽው ሁሉ ትክክል ነው፤ ታሪኩን የጀመርሽው ግን ከመሀል ነው። ከዚያ ፊሽካ ጥቂት ሰከንዶች በፊት የቨርጂኒያው ታይ ጀሮም እያነጠረ ወደ ፊት ሲሮጥ ኳሷ የገዛ ተረከዙን መትታ አመለጠችው። በሁለት እጁ ያዛት፣ ከዚያም እንደገና ማንጠር ጀመረ። ይህ ደብል ድሪብል ነው፤ ቅርጫት ኳስ የሚጀምር ሕፃን በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ክልከላ። ኳሷ ለኦበርን መሰጠት ነበረባት፤ ኦበርን ደግሞ በሁለት ነጥብ ይመራ ነበር፣ ሰዓቱም ሊያልቅ ነው። በድጋሚ ምስሉ ላይ እንደሚታየው ከኦበርን ተከላካዮች አንዱ የጀሮምን ማሊያ የጎተተ ይመስላል፤ እሱም ቢሆን ፋውል ነው። ከሁለቱ አንዱ መነፋት ነበረበት፤ ሁለቱም አልተነፉም። እንግዲህ በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ዳኞቹ ሁለት ትልልቅ ውሳኔዎች ሰጥተዋል። አንደኛው በዝምታ የተሰጠና ስህተት የሆነ ነው። ሁለተኛው በፊሽካ የተሰጠና ትክክል የሆነ ነው። ዳውቲ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አልዘለለም፤ ወደ ፊት ሄዶ ገና አየር ላይ ያለውን ወርዋሪ በታችኛው አካሉ ገጨው። የውድድሩ ኃላፊዎች በዚያው ሌሊት ባወጡት ማብራሪያ የጠቀሱት ደንብም ተከላካይ በታችኛው አካሉ ወይም በክንዱ ከራሱ ቀጥታ መስመር ወጥቶ ንክኪ መፍጠር የለበትም የሚል ነው። አሁን ልብ በዪ፤ «ዳኛው ጨዋታውን ወሰነው» የሚባለው ስለ የትኛው ነው? ስለ ትክክለኛው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝና ልከራከርበት የምፈልገው ይህ ነው። ዳኛ ፊሽካ ሲነፋ ብቻ የወሰነ ይመስለናል፤ ዝም ሲል ግን ከጨዋታው የወጣ አድርገን እንቆጥረዋለን። እኔ የምለው ዝም ያለውም ወስኗል ነው፤ የወሰነውም ብዙ ጊዜ ደንቡን ለጣሰው ሰው ነው።

የእህት ልጅ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጋሼ፣ እርስዎም እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የምንኖረው። ከዋሽንግተን አጠገብ ያሉት የዚህ ግዛት ከተሞች የሐበሻ መንደር ከሆኑ ቆይቷል፣ ልጆቻችንም የዚያን ዩኒቨርሲቲ ማሊያ ለብሰው ይዞራሉ። አንድ የኦበርን ደጋፊ ቢሰማን፣ ዋንጫው እዚህ ስለቀረ ፍርዱ ጣፈጣቸው አይለንም?

አጎት፦ ይበለን፤ ክርክሬን እስከ መጨረሻው ከሰማ ግን ከእኔ ይልቅ እሱ ይጠቀምበታል። እኔ እያልኩ ያለሁት ኦበርን በእርግጥ ተበድሏል፣ የተበደለው ግን ሰው ሁሉ በሚጮህበት ቦታ አይደለም ነው። በደሉ የጀሮም ደብል ድሪብል በታለፈበት ቅጽበት ነው። ወገንተኛ ብሆን ኖሮ የሚቀለኝ ስለዚያ ዝም ብዬ ስለ ጋይ ፋውል ብቻ መከራከር ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። በዚያ ሰዓት ኦበርን ነጻ ውርወራ የማያስከትል ፋውል ገና ይቀረው ነበር፤ ስለዚህ ተጫዋቾቹ ሆን ብለው ጥፋት እየሠሩ ሰዓቱን ሊቆራርጡት ይፈልጉ ነበር። ጋይ የመጨረሻዋን ኳስ ከመቀበሉ በፊት፣ 1.5 ሰከንድ ሲቀር የተነፋው ፋውልም የዚሁ ስልት ውጤት ነው። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ፊሽካ እንዲነፋላቸው ይፈልጉ የነበሩት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው ማለት ነው። «ዳኛው ይውጣና ተጫዋቾቹ ይወስኑት» የሚባለው ጥሪ፣ ሜዳ ላይ ያሉት ሰዎች ጨዋታውን እንዴት እንደሚጫወቱት እንኳ አይገልጽም።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ማድረግና አለማድረግ እኩል ናቸው ሲሉኝ አልቀበለውም። ፊሽካ የነፋ ዳኛ ጨዋታውን አቁሟል፣ ሰዓቱን ይዟል፣ ለአንዱ ነጻ ውርወራ ሰጥቷል፤ በእጁ የሠራው ነገር አለ። ያልነፋው ግን ነገሩን እንደነበረ ነው የተወው። በሰው ሥነ ምግባርም ቢሆን የገፋና ያላዳነ እኩል አይጠየቁም።

አጎት፦ መንገድ ላይ ለሚያልፍ ሰው ያልሽው ልክ ነው። ሥራው ማየትና መፍረድ ለሆነ ሰው ግን አይሠራም። ሁለት ጎረቤታሞች ስለ ድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ፊት ቀረቡ እንበል። አንዱ በሌሊት የድንበሩን ድንጋይ ገፍቶ ሁለት ክንድ መሬት ወስዷል። ሽማግሌው «እኔ በመሀላችሁ አልገባም፣ እንደሆናችሁ ሁኑ» ቢል መሬቱ በማን እጅ ይቀራል? በገፋው እጅ። ሽማግሌው አልፈረድኩም ቢልም ለገፊው ፈርዶለታል። ሜዳ ላይም ጀሮም ኳሷን ይዞ ሄደ፤ «እንደነበረ» የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ የለም።

ይህ የእኔ ስሜት ብቻ አይደለም፤ ማስረጃ አለው። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪው ቶቢያስ ሞስኮዊትዝና ጋዜጠኛው ጆን ወርታይም በ2011 ባሳተሙት «ስኮርካስቲንግ» በተባለው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይህንኑ ይመረምራሉ። በአሜሪካ የቤዝቦል ዳኝነት፣ አንድ ውሳኔ ተጫዋቹን ከመምቻው ቦታ የሚያሰናብት በሚሆንበት ጊዜ ዳኞቹ ያንን ውሳኔ ከመስጠት ወደ ኋላ እንደሚሉ በኳሶቹ የተመዘገበ ትክክለኛ መንገድ እያመሳከሩ አሳይተዋል። በቅርጫት ኳስም የዳኛውን ግምት የሚጠይቁ ጥፋቶች በጨዋታ መገባደጃ ላይ የሚነፉበት መጠን ይቀንሳል፤ ግምት የማይጠይቁት፣ ለምሳሌ የውርወራ ሰዓት ማለፍ፣ እንደዚያ አይቀንሱም። ተጫዋቾቹ በድንገት ጨዋ ሆነው ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አብረው ይቀንሱ ነበር። ከማርች 2015 ወዲህ ደግሞ የፕሮፌሽናሎቹ ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ በተቀራረበ ውጤት የሚያልቁ ጨዋታዎችን የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች እየመረመረ፣ የተነፋውንም ያልተነፋውንም ትክክል ወይም ስህተት ብሎ ይፋ ያደርጋል። በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ከሚገኙት ስህተቶች የሚበዙት መነፋት ሲገባቸው ያልተነፉት ናቸው፤ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። እኛ በየሳምንቱ የምንጮኸው ግን በተነፉት ላይ ነው።

የእህት ልጅ፦ በቁጥር ብዙ መሆናቸውን ልቀበል። ነገር ግን በመጨረሻው ደቂቃ መለኪያው ከፍ ማለት አለበት የሚለው አስተሳሰብ ከንቱ አይደለም። የ2024ቱን የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ ያስታውሱ። ክሊቭላንድ ላይ፣ አይዋና ዩኮን፣ ቴሌቪዥን ላይ ብቻ 14 ሚሊዮን ሰው እየተከታተለው። አይዋ 70 ለ 69 ይመራል፣ ኳሷ ግን በዩኮን እጅ ናት፤ ፔጅ ቡከርስ ልትወረውር ትችላለች። 3.9 ሰከንድ ሲቀር አሊያ ኤድዋርድስ ለጓደኛዋ መንገድ ልትከፍት ተከላካይዋን ስትከልል ተንቀሳቅሳለች ተብሎ የማጥቃት ፋውል ተነፋባት። ኳሷ ሄደች፤ ጨዋታው 71 ለ 69 አለቀ። የዩኮኑ አሰልጣኝ ጂኖ ኦሪየማ ከጨዋታው በኋላ ያነሱት ነጥብ ለእኔ ከባድ ነው፤ እንዲህ ያለ ስክሪን ቢፈለግ በእያንዳንዱ የማጥቃት ተራ ላይ ሊነፋ ይችላል ነው ያሉት። ታዲያ ሁልጊዜ ያለ ነገር ከሆነ ለምን በዚያች ሰከንድ? ደግሞ የጋይ ፋውል ቢያንስ የመወርወር ዕድል ነው የሰጠው። የኤድዋርድስ ግን ዕድሉን ጭራሽ ነጠቀ።

አጎት፦ ይህን ያህል ጠንካራ አድርገሽ በማቅረብሽ ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም ሁለት የተለያዩ አቤቱታዎች የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው አቤቱታ «ጨዋታው ሊያልቅ ሲል መነፋት አልነበረበትም» ይላል። ሁለተኛው «ሌሊቱን ሙሉ ያልተነፋ ነገር ነው» ይላል። ሁለተኛውን እቀበላለሁ፤ ትክክለኛ አቤቱታ ነው። ነገር ግን አስተውዪ፣ እሱ ስለ መጨረሻዎቹ አራት ሰከንዶች የቀረበ ክስ አይደለም፤ ስለ ቀደሙት 39 ደቂቃዎች የቀረበ ነው። ኦሪየማ ያሉት እውነት ከሆነ ጥፋቱ ያለው በየተራው በታለፉት ስክሪኖች ላይ ነው፤ እንደገና ባልተነፉ ፊሽካዎች ላይ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ ድንበሩ የት እንደሆነ የሚማሩት ዳኛው ምን እንዳሳለፈ እያዩ ነው። 39 ደቂቃ ሙሉ ተንቀሳቅሶ መከለል ይቻላል ብሎ በዝምታ ያስተማረ ዳኛ 40ኛው ደቂቃ ላይ ደንቡን ቢያስታውስ ተጫዋቿ ተታለልኩ ብትል አልፈርድባትም። መድኃኒቱ ግን በመጨረሻም ዝም ማለት አይደለም፤ ከመጀመሪያው መንፋት ነው።

የመጀመሪያውን አቤቱታ ግን አልቀበለውም። መለኪያው በመጨረሻ ከፍ ይበል ማለት ምን እንደሚያስከትል እስከ ዳር ድረስ እናስበው። አሰልጣኞች ሞኞች አይደሉም። በመጨረሻው ደቂቃ የማይነፋ መሆኑ ከታወቀ ተከላካዩ ያንን አውቆ ይጫወታል፤ እጁን የወርዋሪው ወገብ ላይ ያሳርፋል፣ ማሊያ ይይዛል፣ ያልፍልኛል ብሎ። ከዚህ የሚጎዳው ሁልጊዜ ወደ ቅርጫቱ ለመሄድ የሚደፍረው ነው። በ2023 ሉዊቪል ላይ ሳን ዲዬጎ ስቴትና ክሬይተን 56 ለ 56 ሆነው 1.2 ሰከንድ ሲቀር የሆነው ይኸው ነው። ዳሪየን ትራመል ሊወረውር አየር ላይ ሳለ ራያን ኔምባርድ ከኋላ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ገፋው። ተነፋ። ትራመል የመጀመሪያውን ሳተ፣ ሁለተኛውን አስገባ፤ ሳን ዲዬጎ ስቴት 57 ለ 56 አሸንፎ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጨረሻዎቹ አራት ገባ። «እንዲህ ባለ ቀላል ንክኪ ይነፋል ወይ?» ተብሎ ብዙ ተባለ። አየር ላይ ያለን ሰው ሚዛን ለማሳት ግን ብዙ ጉልበት አያስፈልግም፤ ደንቡም የሚጠይቀው ውርወራው ተሰናክሏል ወይ ብሎ ነው። ዳኛው ዝም ቢል ኖሮ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ሰዓት ይሄድ ነበር፤ ይህ ደግሞ ሚዛናዊ ይመስላል። አልነበረም፤ ክሬይተን በጥፋት ያገኘው አምስት ተጨማሪ ደቂቃ ነበር የሚሆነው። ስለ ነጠቃ ያነሳሽውም ትክክል ነው፤ የማጥቃት ፋውል ቅጣቱ ከባድ ነው። ከባድ የሚያደርገው ግን ደንቡ ነው፤ በመጀመሪያው ደቂቃም ቅጣቱ ያው ነው። ቡከርስ ራሷ እንኳ ከጨዋታው በኋላ አንድ ክስተት ብቻውን ለማሸነፍም ለመሸነፍም ምክንያት አይሆንም የሚል ሐሳብ ነው የሰጠችው።

የእህት ልጅ፦ ዝምታ ይቅር ይባላል ያሉት ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በዚያው በ2019 ጃንዋሪ፣ በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ኒው ኦርሊንስ ላይ የራምስ ተከላካይ ኳስ ሊቀበል የሚሮጠውን የሴንትስ ተጫዋች ኳሷ ሳትደርስ በግልጽ ገጨው፤ አልተነፋም። ራምስ በጭማሪ ሰዓት 26 ለ 23 አሸንፎ ወደ ሱፐር ቦውል አለፈ። ሉዊዚያና በሙሉ ነው የተነሳው፤ ነገሩ እስከ ፍርድ ቤት ሄዷል። ሰው ያልተነፋውንም ያያል ማለት ነው።

አጎት፦ ያያል፤ እንደዚያ ዓይን የሚወጋ ሲሆን። ምሳሌሽ ግን ከእኔ ጋር ነው የሚቆመው፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሆነውን እናውቃለን። ሊጉ ከዚያ ቁጣ በኋላ ለ2019 የውድድር ዘመን እንዲህ ያለው ጥፋት፣ ያልተነፋውም ጭምር፣ በምስል እንዲታይ ደንብ አወጣ። አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ ተተወ። ለምን? ምስሉን የሚያዩት ኃላፊዎች፣ በጣም ግልጽ ካልሆነ በቀር የሜዳውን ውሳኔ አንገለብጥም ብለው ስለተጠነቀቁ፣ አሰልጣኞቹ አቤቱታ ማቅረቡ ትርጉም አጣባቸው። ያ ሜዳ ላይ ያየነው ፍርሃት መልኩን ሳይቀይር ወደ ምስል ክፍሉ ገባ። ከዚህ የምማረው ችግሩ የዓይን ብቻ አለመሆኑን ነው። መንፋት ራሱን እንደ ጥፋት፣ አለመንፋትን እንደ ትሕትና የሚቆጥር ልማድ እስካለ ድረስ የፈለግነውን ያህል ካሜራ ብናቆም ያው ነው። የኮሌጁ ቅርጫት ኳስም ምስልን እያሰፋ መጥቷል፤ በወንዶቹ ከ2025–26 ጀምሮ አሰልጣኞች ውሳኔ የመሞገት ዕድል ተሰጥቷቸዋል። የሚሞገተው ግን ኳስ ከመስመር የወጣችው በማን ነው የሚለውና የመሳሰለው ነው። የጀሮም ደብል ድሪብል ዛሬም ቢደገም በዚያ መንገድ አይታረምም።

የእህት ልጅ፦ ስለ ፍርሃት ካነሱ ዘንዳ፣ ፍርሃቱ ምክንያት አለው። በ2017 ኬንተኪ በኖርዝ ካሮላይና 75 ለ 73 ተሸንፎ ከውድድሩ ሲወጣ፣ ደጋፊዎች ከዳኞቹ አንዱ ኔብራስካ ውስጥ የጣሪያ ሥራ ድርጅት እንዳለው አወቁ። ከዚያ በኋላ ድርጅቱን በሐሰት አስተያየት አጥለቀለቁት፤ ስልኩ በስድብና በግድያ ዛቻ ተሞላ። ሰውየው ከሷል፣ ፍርድ ቤቱ ግን በመናገር ነጻነት ምክንያት ክሱን ውድቅ አድርጎታል። የኮሌጅ ዳኞች የሙሉ ጊዜ ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ በየጨዋታው የሚጠሩ ናቸው። ቤተሰብና ሌላ ሥራ ያለውን ሰው በመጨረሻዋ ሰከንድ ንፋ ማለት ቀላል ነው፤ ማግስቱን የሚኖረው ግን እሱ ነው።

አጎት፦ እኔም የማተኩረው እዚሁ ላይ ነው፤ ይህ ታሪክ የዳኛን ዝምታ የምንሠራው እኛ መሆናችንን ያሳያል። በመንፋቱ የሚዛትበት፣ ባለመንፋቱ ግን የሚረሳ ሰው ምን ይማራል? እዚህ ላይ የአሰልጣኞች አንደበት ትልቅ ዋጋ አለው። የክሬይተኑ ግሬግ ማክደርመት ከዚያ መራራ ሽንፈት በኋላ ጣታቸውን ዳኛው ላይ አልቀሰሩም፤ ዳኝነት የጨዋታው አካል ነው፣ የተሸነፍነው እኛ በቂ ስላልሠራን ነው ያሉት። የኦበርኑ ብሩስ ፐርልም ያን ሌሊት እሳት ላይ ቤንዚን አላርከፈከፉም። እነዚህ ሰዎች ከደጋፊው ይልቅ የሚበሳጩበት ምክንያት ነበራቸው። ከዚህ አልፎ ግን ተቋሙ ራሱ ማድረግ የሚችለው አለ። የኮሌጁ ስፖርት የበላይ አካል ኤንሲኤኤ፣ ኤንቢኤ እንደሚያደርገው፣ የሻምፒዮናውን ጨዋታዎች የመጨረሻ ደቂቃዎች መርምሮ ያልተነፉትንም ጨምሮ ይፋ ቢያደርግ እላለሁ። ዳኞቹ እኮ አሁንም በምስጢር ይመዘናሉ፤ ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፉትም በዚያ ውጤት ነው። ምዘናው አለ፤ የጠፋው አደባባይ መውጣቱ ነው።

የእህት ልጅ፦ የኤንቢኤ ዳኞች ማኅበር ራሱ ያ ሪፖርት እንዲቀር ጠይቆ የለም እንዴ? ከዋክብት ተጫዋቾችም ተቃውመውታል። ውጤት አይቀይርም፣ ዳኛውን ብቻ ያጋልጣል ነው የሚሉት። ከጣሪያ ሠሪው ታሪክ በኋላ በዳኛ ላይ ሌላ ማጋለጫ መጨመር አይከብድዎትም?

አጎት፦ የዳኛውን ስም አውጥቶ መለጠፍ ቢሆን ይከብደኝ ነበር። የምጠይቀው ግን ስለ ውሳኔው እንጂ ስለ ሰውየው አይደለም፤ ሪፖርቱ ስም ሳይጠራ ሊወጣ ይችላል። የማኅበሩ ሥጋት እውነተኛ ነው፣ አላቃልለውም። ነገር ግን ዝርዝሩ ካልወጣ ቦታውን የሚይዘው ዝምታ አይደለም፤ በቀስታ እየተደጋገመ የሚታይ አንድ ምስልና ሚሊዮን ጩኸት ነው። በዚያ ጩኸት ውስጥ የዳውቲ ፋውል ትክክል መሆኑን ማን ይሰማል? በ2019 ያን ሌሊት የወጣው ማብራሪያ ስለ አንድ ፊሽካ ብቻ ባይሆንና ከጎኑ «የጀሮም ደብል ድሪብል መነፋት ነበረበት» የሚል መስመር ቢኖረው ኖሮ፣ የኦበርን ሰው በደሉ ታውቆለት ያድር ነበር፤ ፋውሉን የነፋው ዳኛም ሠራ ተብሎ የሚነገርበት ጥፋት ሌላ ቦታ መሆኑ ይታይ ነበር። ውጤቱ አይቀየርም፣ እውነት ነው። የሚቀየረው ቀጣዩ ዳኛ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ይዞ ሲያመነታ የሚያስበው ነገር ነው፤ ዝም ማለቱም እንደ መንፋቱ ተመዝግቦ እንደሚጠየቅበት ያውቃል።

የእህት ልጅ፦ ስለ ቨርጂኒያና ስለ ሳን ዲዬጎ ተስማምቻለሁ፤ ከዛሬ በኋላ የጋይን ፋውል ስርቆት አልለውም። የክሊቭላንዱን ግን አልፈርምም። ኤድዋርድስ ላይ የተነፋው ልክ ነበር ከማለቴ በፊት የቀሩትን 39 ደቂቃዎች ስክሪን በስክሪን ማየት እፈልጋለሁ፤ የአይዋንም ጭምር።

አጎት፦ አትፈርሚ። አይተሽ ስትጨርሺ ስንት ያልተነፋ እንዳገኘሽ ብቻ ንገሪኝ፤ ለየትኛው ቡድን እንደታለፈም ለይተሽ ጻፊው።